የፖሊስ ልብስ ለብሼ ሻይ ልጠጣ የወጣሁ ቀን

ልንገራችሁ። ከሳቃችሁ ሳቁ፣ ካልሳቃችሁም አልቀየምም፤ የዛን ቀን እኔ ራሴ አልሳቅኩም። ጉልበቴ ብቻ ነው በራሱ ጊዜ ሲንከተከት የዋለው።

ዘመኑ ደቡብ ሱዳን ከተገነጠለች በኋላ ያለው ነው። ካርቱም ውስጥ፣ አል-ማንሺያ በሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ ሀጃ የሚሏት የአንዲት ባለጠጋ ሴትዮ ቪላ ላይ ገፊር ነበርኩ። ገፊር በር ጠባቂ ማለት ነው። ስሙ ጥበቃ ይባል እንጂ ሥራው አያልቅም፤ አትክልት ታጠጣለህ፣ መኪና ታጥባለህ፣ ዳቦ ትገዛለህ፣ የሀጃን ድመት ከጣሪያ ታወርዳለህ። «ሌባ ቢመጣ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም፤ መልሱን ስለማውቀው።

እግዜር ለሰው ሁሉ አንድ ነገር ይሰጣል። ለአንዱ መሬት፣ ለአንዱ ቁመት። ለእኔ የሰጠኝ የሰው አመል መቅዳት ነው። ካርቱም ዳር፣ ሶባ የሚኖሩት ያገሬ ልጆች ጽዋ ባወጡ ቁጥር «እስቲ ሀጃን አምጣልን!» ይሉኛል። እኔም አልግደረደርም፤ የአንዷን ነጠላ ተውሼ ሀጃን አመጣታለሁ።

ሀጃ ስታዝ ማየት ነበረባችሁ። እኛ አገር አዛዥ ይጮሃል፤ ሀጃ አትጮህም። የምታዘውን ሰው አታየውም፤ ከአናቱ በላይ ያለውን ግድግዳ ነው የምታየው። ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ሰውዬው ልስማ ብሎ አንገቱን አስግጎ ይጠጋል፤ ሲጠጋ ጎንበስ ይላል፤ ጎንበስ ካለ ደግሞ በቃ፣ ታዟል። ከዛ የቶቧን ጫፍ፣ ያንን የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ረጅም ጨርቅ ማለቴ ነው፣ ትከሻዋ ላይ መለስ ታደርግና ነገሩ ያልቃል። ይኼን ሳደርግላቸው ማኅበርተኛው ቆሎው እስኪያንቀው ይስቃል።

አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ለቤት ሠራተኞቹ ሀጃን እየሆንኩላቸው ሳለ ከኋላዬ የማላውቀው የወንድ ሳቅ ሰማሁ። ደሜ ቀጥ አለ። ዞር ስል ኡስታዝ በሺር ነው፤ ለረመዳን የሚታዩ አጫጭር የኮሜዲ ድራማዎች ሊቀርጽ የሀጃን ቪላ ለመከራየት የመጣ ዳይሬክተር። ሱዳን ውስጥ ረመዳን ያለ ኮሜዲ አይሆንም። ሰው አፍጥሮ ሆዱ ሲሞላ ትራሱን ደገፍ ይልና ቴሌቪዥኑን «እስቲ አስቀኝ» ይለዋል።

«አንተ ሀበሻ፣ ቴሌቪዥን ላይ ትሠራለህ!» አለኝ።

እኔ! ለእናቴ ደወልኩላት። «እልልል!» ካለች በኋላ፣ «ለመሆኑ ምን ሆነህ ነው የምትሠራው?» አለችኝ። ኔትወርኩ ተቋረጠ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ምክንያቱም የመጀመሪያው ቦታዬ ገፊር ነበር። ሁለተኛውም ገፊር ነበር። ሦስተኛው ላይ እድገት አገኘሁ፤ የጎረቤት ገፊር ሆንኩ። ቀን የቤቱ ገፊር ነኝ፣ ካሜራ ሲመጣ የድራማው ገፊር ነኝ፤ ልብስ እንኳ አልቀይርም። የምናገረው አንዲት ቃል ናት፤ «ሀድር»። እሺ ጌታዬ ማለት ነው። «ሀድር» እላለሁ፣ ጥፊ እቀምሳለሁ፣ የቀረጻው ሠራተኞች ይስቃሉ። ሀቁን ልናገርና ከዛች ቃል በላይ አልሆነልኝም። ካሜራው ላይ ያቺ ቀይ መብራት ስትበራ ምላሴ ላንቃዬ ላይ እንደ ቴምብር ትለጠፋለች። ማኅበር ላይ አፍ የማላስከፍት ሰውዬ፣ ካሜራ ፊት ሰም የጠጣ እመስላለሁ።

እንግዲህ ወደ ዛች ቀን እንግባ።

ሙቀቱ አስፋልት ያቀልጣል። የፖሊስ መኮንን ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ወባ ይዞት ቀረ። ልብሱ ግን ተዘጋጅቷል። ልብስ አቅራቢው ኦምዱርማን ገበያ አሰፍቶት፣ ትከሻው ላይ ኮከብ ደርድሮበታል። ስንት ኮከብ ምን ማለት እንደሆነ እኔም አላውቅ፣ እሱም አያውቅ። «ካሜራ ላይ ያብለጨልጫል» ብሎ የተገኘውን ሁሉ ሰክቶበታል። ልብሱን ለሁሉም ሞከሩት፤ በሁሉም ላይ እንደ ድንኳን ተንጠለጠለ። በመጨረሻ ኡስታዝ በሺር ሆዴን አየው። ሆዴን እንደዛ በፍቅር ያየው ሰው ከዛ በፊትም ከዛ በኋላም የለም።

ለበስኩት። ልክክ አለ። የምናገረው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። በሩን ገፍቼ እገባና «የዚህ ቤት ባለቤት ማን ነው?» እላለሁ። በቃ።

ቀይ መብራቷ በራች። ገባሁ። ምንም አልወጣም።

እንደገና ገባሁ። «ሀድር» አልኩ።

«ሀድር የምትለው ለማን ነው? አንተ እኮ ፖሊሱ ነህ!» ብሎ ኡስታዝ በሺር ጥምጣሙን አውልቆ መሬት ወረወረው።

«ኡስታዝ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ ነው።»

«ውጣ! ሻይ ጠጥተህ፣ ጉሮሮህን አርጥበህ ና! ያላ!»

ወጣሁ። ልብሱን አውልቀህ ውጣ ያለኝ የለም። እኔም ላቡን እንጂ ልብሱን አላሰብኩትም። ሰው የሰው ልብስ ሲለብስ መስታወት ያስፈልገዋል፤ አለዚያ ያው ራሱ የሆነ ነው የሚመስለው።

ከቪላው አጥር ማዶ፣ ኒም ዛፏ ሥር፣ ዘሃራ ሻይ ትሸጣለች። የወሎ ልጅ ናት። ከሰል፣ በራድ፣ ጥቂት ብርጭቆ፣ አጫጭር የሽቦ በርጩማዎች፤ ንብረቷ ይኼው ነው። በየቀኑ እሷ ጋ ስለምጠጣ ጉዳይዋን አውቃለሁ። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ ካለፈበት ቆይቷል። ከዚህ በፊት በከሻ ተይዛ በልመና ነው የተለቀቀችው። ከሻ የሚሉት ፖሊስ በመኪና ድንገት መጥቶ ሻይ ሻጩን፣ ወረቀት የሌለውን ሁሉ አፍሶ የሚሄድበት አፈሳ ነው። ደግማ ከተያዘች በመተማ በኩል ወደ አገር ቤት ነው። እሱስ ባልከፋ፤ ሶባ ውስጥ ትምህርት ቤት የምትውል ልጅ አለቻት። የተያዘ ሰው ደግሞ «ልጄን ይዤ ልምጣ» ቢል የሚሰማው የለም።

መንገዱን ተሻገርኩ። ዘሃራ ብርጭቆ ታለቀልቃለች። ጥላዬ ሲያርፍባት ቀና አለች።

ፊቴን አላየችም። ከሻ ሲመጣ ማንም ፊት አያይም፤ ልብስ ነው የሚታየው።

«ያረቢ!» አለች። ብርጭቆው ወደቀ። ከተቀመጠችበት ስትነሳ አላየኋትም፤ ያየሁት ስትሮጥ ነው።

«ዘሃራ! እኔ ነኝ! ቁሚ!» አልኩ፣ በአማርኛ።

ስሟን የሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ፖሊስ! ፍጥነቷ እጥፍ ሆነ። ነጠላ ጫማዋ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ በረረ።

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ዝም ብላችሁ ትመለሳላችሁ። እኔ ግን ከሰሉ ተበትኖ፣ በራዱ ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሳየው አንጀቴን በላው። ሌባ ቢወስደውስ? አነሳሁትና ተከትያት ሮጥኩ። እስቲ አስቡት፤ ኮከብ በኮከብ የሆነ ቦርጫም መኮንን፣ የሚፍለቀለቅ በራድ ይዞ፣ ሻዩ ጭኑ ላይ እየፈሰሰ፣ «ዘሃራ በእመቤቴ ቁሚ!» እያለ በአል-ማንሺያ መንገድ ሲሮጥ። የጎረቤት ሠራተኞች እኔን ሲያዩ ከየበሩ ወደ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ የብረት በር ሲዘጋ ከዳር እስከ ዳር ይሰማል። ግው። ግው። ግው።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ቀልድ ነበር።

ከማዕዘኑ አንድ የፖሊስ ፒክአፕ ብቅ አለ። የእውነት ፖሊስ። አንድ ወፍራም ሳጅንና አንድ ሾፌር። አለቃቸውን አዩት፤ ወንጀለኛ እያሳደደ፣ ኤግዚቢት በእጁ ይዞ። አልጠየቁም። መኪናው ጎማውን እያስጮኸ ዘሃራ ፊት ተገተረ፤ ሳጅኑ ዘሎ ክንዷን ያዘ። ከዛ ወደ እኔ ዞሮ፣ ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታ ሰጠኝ።

«ጀናቡ! ይዘናታል!»

ጀናቡ ማለት ለመኮንን የሚባል ነው። በሕይወቴ እንደዛ የጠራኝ ሰው የለም። እኔም በራዱን በግራ እጄ ይዤ፣ በቀኜ ሰላምታውን መለስኩ። ምን ላድርግ?

ወደ ዛፉ ሄደው እቃዋን ጠራርገው ጫኑት፤ በርጩማዎቹን፣ ብርጭቆዎቹን፣ የከሰል ምድጃውን። «ጀናቡ፣ ከፊት ግባ» አለኝ ሳጅኑ። ከፊት ብገባ ዘሃራን ከኋላ ብቻዋን ይወስዷታል። «አይ፣ እኔ በር ጠባቂ ነኝ» ብል፣ የፖሊስ ልብስ የለበሰ የውጭ አገር ሰው ምን እንደሚጠብቀው ሕፃን ያውቀዋል። ከኋላ ወጣሁ። ሳጅኑ መኮንን ከኋላ ሲቀመጥ አይቶ ስለማያውቅ ግራ ተጋብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ዘሃራ ከፊት ለፊታችን። በራዱ ጭኔ ላይ። መኪናው ተንቀሳቀሰ።

ዘሃራ ያኔ ነው ፊቴን ያየችው።

«አንተ!» አለች። «የሀጃ ገፊር!»

«ዝም በይ!»

«ይኼን ሁሉ ጊዜ ሻዬን እየጠጣህ ስትሰልለኝ ኖረሃል!»

«ዘሃራ፣ በእግዜር...»

«'ልጅሽ ደህና ናት ወይ' የምትለኝ ለዚህ ነው? 'ሶባ የት ጋ ነው ቤትሽ' ያልከኝ ለዚህ ነው? ስኳር ትንሽ አድርጊ እያልክ ስታጫውተኝ ለካ ወረቀቴን ነው የምታጣራው!»

ሳጅኑ ያየናል። ስለዚህ ፊቴን እንደ ነብር አኮሳትሬ፣ ጣቴን እየቀሰርኩ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩባት።

«እህቴ! አይዞሽ! ይኼ የድራማ ልብስ ነው! አክተር ነኝ!»

«አክተር ነኝ ይላል! እኔ ደግሞ ፓይለት ነኝ!»

«የምቆጣሽ አስመስለሽ ተቀመጪ! አልቅሺ እንጂ አትሳደቢ!»

«ባንዳ! አላህ ይይልህ!»

ሳጅኑ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ጀናቡ፣ ምን አለች?»

ዓረብኛዬ ከወጣ ሀበሻነቴ አብሮ መውጣቱ ነው። አጠር አደረግኩት። «ማዐሌሽ።» ይቅርታ አለች ማለቴ ነው።

«እንዲህ እየጮኸች?»

ራሴን ነቀነቅኩ። አገራቸው እንዲህ ነው የሚያሰኝ አነቃነቅ።

«ወላሂ ጀናቡ፣ የነሱን ቋንቋ እንዴት አወቅከው?»

ምን ልመልስ? ፊቴን ወደ መንገዱ ዳር መለስኩ። ዓባይን አየሁት። እሱም ዝም ብሎ ይሄዳል። ሳጅኑ ግን ዝምታዬን እያየ ቀስ በቀስ ዓይኑ ሰፋ።

«ከ... ከዛኛው መሥሪያ ቤት ነህ እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ። ደህንነት ማለቱ ነው።

ትን አለኝና ሳልኩ።

ሳጅኑ የአንገቱን ቁልፍ ቆለፈ። ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ፣ «አላህ ነው ያመጣህ» አለኝ። «ጣቢያችን የታሰሩ ሀበሾች ሞልተዋል፣ የሚናገሩትን የሚያስረዳን ሰው የለም። ጣቢያው አዛዥ በጣም ነው ደስ የሚለው። መጀመሪያ እሱ ጋ እንገባለን፤ ሻይ እየጠጣችሁ ታወራላችሁ።»

የጣቢያው አዛዥ! እሱ እንግዲህ ኮከብ መቁጠር ይችላል። ስሜን ይጠይቀኛል። መታወቂያዬን ይጠይቀኛል። የዓባይ ድልድይ ከሩቅ ታየኝ። ጣቢያው ከድልድዩ ወዲህ ነው።

በዚህ መሀል አንድ ድምፅ መጣ። ቅጭልጭል፣ ቅጭልጭል ይላል። ሦስታችንም ምንድን ነው ብለን ፈለግን። የበራዱ ክዳን ነው። እጄ ሲንቀጠቀጥ በራዱ ይንቀጠቀጣል፣ በራዱ ሲንቀጠቀጥ ክዳኑ ያጨበጭባል። በሁለት እጄ ያዝኩት፤ ባሰበት።

ዘሃራ ክዳኑን አየች። እጄን አየች። ፊቴን አየች። ካርቱም ከገባች ጀምሮ ብዙ ፖሊስ አይታለች፤ የሚንቀጠቀጥ ግን አላየችም።

«አንተ ሰውዬ...» አለች፣ ድምጿ ወርዶ። «እውነትክን ነው እንዴ?»

«እውነቴን ነው» አልኳት፣ ፊቴን እንዳኮሳተርኩ።

«እና ወዴት ነው የምንሄደው?»

«ወደ ጣቢያ።»

«የድራማ ጣቢያ?»

«የእውነት።»

አንገቷ ላይ ያለውን ክር ጨበጠች። ከዛ ማልቀስ ጀመረች፤ እኔ እንዳልኳት አይደለም፣ የእውነት ነው። «ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ በሩ ዝግ ነው። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ጋሼ፣ በአላህ ይሁንብህ፣ አንድ ነገር በል!»

አንድ ነገር በል። ጠዋት ሙሉ ኡስታዝ በሺር የለመነኝ ይኼንኑ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ዓረብኛ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ዓመታት ኖሬበታለሁ። ግን የኔ ዓረብኛ ትእዛዝ መቀበያ እንጂ መስጫ አልነበረም። እሺ ማለት እችላለሁ፣ ይቅርታ ማለት እችላለሁ፣ አሁን አመጣለሁ፣ አሁን አጥባለሁ፣ ኢንሻላህ ነገ ይሆናል ማለት እችላለሁ። ሰውን «አቁም» ብዬው አላውቅም። ካርቱም ከገባሁ ጀምሮ ያዘዝኩት ፍጥረት የሀጃን ድመት ብቻ ነው፤ እሷም አልሰማችኝም። አዛዥ ሲያዝ በቅርብ ሰምቼ የማውቀው አንድ ሰው ነው። አንዲት ሰው።

ድልድዩ ቀረበ።

ሳጅኑን ማየት ተውኩ። ከአናቱ በላይ ያለውን ሰማይ አየሁ። ድምፄን ዝቅ አደረግኩት፤ በጣም ዝቅ።

«ማን ነው ከነበረችበት ያነሳት?»

ሀጃ ትራሷ ከቦታው ሲነሳባት የምትለው ነው። ሳጅኑ አልሰማኝም፤ ጆሮውን ይዞ ተጠጋ። ሲጠጋ ጎንበስ አለ።

«ጀናቡ?»

«ማን ነው፣» አልኩ፣ ከቅድሙ የበለጠ ዝቅ አድርጌ፣ «ከነበረችበት ያነሳት?» እና ሳላስበው፣ በልማድ፣ ትከሻዬ ላይ የሌለውን የቶብ ጫፍ መለስ አደረግኩ።

የሳጅኑ ዓይን እጄን ተከትሎ ትከሻዬ ላይ አረፈ። የኮከቡን ክምር አየ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከዛ የመኪናውን ጣሪያ በቡጢ ደበደበው። መኪናው ቀጥ አለ፤ በርጩማዎቹ ላያችን ላይ ተናዱ።

«ጀናቡ፣ ወላሂ እኛ... አንተ ስታሳድዳት አይተን...»

ሰማዩን አየሁ።

«አሃ!» አለ ሳጅኑ። ግንባሩን መታ። ወደ ዘሃራ እያየ፣ ቀስ ብሎ፣ «ከእናንተ ጋር ነው የምትሠራው? ሻይ የምትሸጠው... ለዛ ነው?»

ሀጃ ለማይረባ ጥያቄ መልስ አትሰጥም። እኔም አልሰጠሁም።

«ይመለስ» አልኩ። «ሁሉም። እንደነበረ።»

መኪናው ዞረ። ዘሃራ እንባዋን እንደያዘች አፏን ከፍታ ታየኛለች። እኔ ወደ ታች ብመለከት የምወድቅ ስለመሰለኝ እስክንደርስ አንገቴን አላወረድኩም። ዝንብ አፍንጫዬ ላይ አርፎ ተንሸራሸረ፤ ተውኩት። ሀጃ ዝንብ አታባርርም፤ ሰው ያባርርላታል። ሳጅኑም አባረረልኝ።

ዛፉ ሥር ደረስን። አሁን የማወራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው። ሳጅኑ ምድጃውን ተሸክሞ አወረደ። ሾፌሩ ከሰሉን በእጁ ለቀመ። በርጩማዎቹን ደረደሩ።

«ይቺ በርጩማ እዚህ ነበረች?» አላት ሳጅኑ።

ዘሃራ እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው፣ ከዛ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ትንሽ ወደ ጥላው» አለችው በዓረብኛ። ገፋ አደረጋት። «ኧረ በዛ፤ መለስ።» መለሳት። «ድንጋዩን ሥሯ አድርግ፣ ትወዛወዛለች።» ድንጋይ ፈልጎ አደረገ።

«አሁን ሂዱ» ማለት ነበረብኝ። ግን የሱዳንን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ሲት ሻይ ካለችበት፣ ሻይ የምትሸጥ ሴት ማለቴ ነው፣ እንዲያው ተነስቶ አይሄድም። «ጀናቡ፣ ይቅር እንዳልከን እንዲገባን አንድ ሻይ አብረን እንጠጣ» ብሎ ሳጅኑ ቁጭ አለ። ሾፌሩም ቁጭ አለ። እኔም ቁጭ አልኩ። ዘሃራ ስትቀዳ ሻዩ ከብርጭቆው ውጪ ነው ግማሹ የሚፈሰው። በረካ ነው ብለው ወሰዱላት።

የመጀመሪያውን ፉት እንዳልን የሀጃ ቪላ በር በርግዶ ተከፈተ።

ኡስታዝ በሺር ነው። ጥምጣም የለውም፣ ጫማ የለውም፣ ወረቀት በእጁ ይዟል። «አንተ!» ብሎ ጮኸ ከማዶ። «የት ጠፋህ? ሰው ሁሉ አንተን ነው የሚጠብቀው! ሻይ ጠጣ አልኩህ እንጂ ሻይ ዝራ አልኩህ? ያን ልብስ...»

የሳጅኑ ብርጭቆ ከንፈሩ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

«ጀናቡ» አለ በቀስታ። «ማን ነው ይኼ? ልብሱን ምን አለ?»

ዘሃራ ዓይኗን ጨፈነች።

ኡስታዝ በሺር መንገዱን እያጋመሰ ነው። ሁለት እርምጃ ቢጨምር ሁሉንም ነገር ያፈርጠዋል። አልተነሳሁም። ከአናቱ በላይ የኒሟን ቅርንጫፍ አየሁ። ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«የዚህ ቤት ባለቤት ማን ነው?»

ቆመ። ባዶ እግሩ አስፋልቱ ላይ እየተቃጠለ ቆመ። እኔን አየ፣ የሳጅኑን ሽጉጥ አየ፣ ፒክአፑን አየ። ፊቱ ላይ ያለው ላብ ሲለወጥ አየሁት፤ የሙቀቱ ላብ ሄዶ ሌላኛው መጣ።

«ሀ... ሀጃ ናት፣ ጀናቡ።»

«ድምፅህ ለምን ከፍ አለ?»

«ማዐሌሽ፣ ጀናቡ።»

የሌለ ቶቤን መለስ አደረግኩ። ኡስታዝ በሺር ጎንበስ ብሎ፣ ጀርባውን ሳይሰጠኝ፣ ወደ ኋላ እየሄደ ግቢ ገባና በሩን በቀስታ ዘጋው።

እሱ እስከ ዛሬ «እኔ እኮ ትወና ነው የተወንኩት፤ ነገሩ ወዲያው ነው የገባኝ» ይላል። ሊሆን ይችላል፤ ዳይሬክተር ነው። ዳይሬክተሮች ግን ሲተውኑ ጉልበታቸው እንደዛ ይጋጫል ብዬ አላምንም። ኋላ «እንደዛው አድርገህ ካሜራ ፊት ድገምልኝ» ብሎ እግሬ ላይ ወድቋል። ቀይ መብራቷ በራች፤ ምላሴ ተለጠፈች። ረመዳን ላይ የታየው ጀርባዬ ብቻ ነው፣ ድምፁ የሌላ ሰው ነው። እናቴ ግን በጀርባዬ አውቃኛለች።

ፖሊሶቹ ብርጭቆአቸውን ጨርሰው ተነሱ። ሳጅኑ ዘሃራን፣ «እህቴ፣ ከኛ ክፍል ማንም አይነካሽም» አላት። ለእኔ ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታ ሰጠኝና ሄዱ። መኪናው ማዕዘኑን እስኪታጠፍ አልተነፈስኩም። ከታጠፈ በኋላ ሁሉንም ባንዴ ተነፈስኩና የልብሱ ቁልፍ ሆዴ ላይ ተበጠሰ።

«ተረፍን!» አልኳት። «ዘሃራ፣ ተረፍን እኮ!»

ምርቃት እየጠበቅኩ ነበር። የወሎ ሰው ምርቃት ታውቁ የለ? አላህ ያቆይህ፣ ክፉ አይንካህ፣ ልጆችህ ይባረኩ፤ ቢያንስ ቢያንስ አንድ በነፃ የሚቀዳ ሻይ።

ዘሃራ በጣቷ በራዱን አሳየችኝ።

«በራዱን ማን አንሳ አለህ?» አለችኝ።

«ምን?»

«እኔ እኮ ትቼው ሮጫለሁ። በራድ ነው፤ በራድ ይገዛል። አንተ በራድ ይዘህ ባትከተለኝ ያንን ማዕዘን ታጥፌ ነበር። እነዛም እኔን አያዩኝም ነበር። ከሻው አልፏል ብዬ ተመልሼ ሻዬን እሸጥ ነበር።»

ሂሳቡን አስቤው አላውቅም ነበር። እውነቷን ነው። ያዳንኳት ራሴ ከከተትኳት አደጋ ነው።

«ዘሃራ፣ ይቅርታ... እኔ ሌባ እንዳይወስደው ብዬ...»

በራዱን አነሳች።   ክዳኑን ልትገጥም ሞከረች፣ አልገጠመላትም፤ ተወችው። ከአንገቷ ሥር ባለ ክር የተንጠለጠለውን የቤቷን ቁልፍ አውጥታ አየችውና መልሳ ከተተችው። ፀሐይዋን አየች። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ልትወጣ ነው።

«ወደ ሶባ ልሄድ ነው» አለች። «በሩ ላይ ደርሼ ካላየኋት ልቤ አይመለስም።»

«ሂጂ። እቃሽን እኔ አያለሁ።»

«ማየት ሳይሆን» አለች። «ብርጭቆው በሙሉ በአፈር ተለውሷል። ተነስ።»

«ልብሱን ልቀይርና...»

«ተነስ አልኩህ።»

አልጮኸችም። አላየችኝምም። ከአናቴ በላይ የሶባ ሚኒባስ የሚመጣበትን መንገድ ነው የምታየው። ነጠላ ጫማዎቿን አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዛ ፈልጋ እያጠለቀች፣ ሳሙናውን ወደ እኔ ገፋችው። ከነኮከቤ ተነሳሁ። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ አልኩ።

አጠባ እንደጀመርኩ ያ ፒክአፕ ሰፈሩን ዞሮ በድጋሚ መጣ።  መኪናው ቀስ አለ። ሳጅኑ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጀናቡን አየው፤ ቁጢጥ ብሎ፣ እስከ ክርኑ አረፋ ሆኖ፣ ብርጭቆ ሲያለቀልቅ። ዓይኑ በአድናቆት ረጠበ። «ሥራ ማለት ይኼ ነው» ሲል ለሾፌሩ በጆሮዬ ሰማሁት። ሰላምታ ሰጠኝ። እኔም ሳሙና የሚንጠባጠብበትን እጄን ወደ ግንባሬ አነሳሁ።

«ሰላምታውን ተውና» አለችኝ ዘሃራ፣ ሚኒባሱን ለማስቆም እጇን እየዘረጋች፣ «የብርጭቆውን ቂጥ እሸው።»